ልማድ ከነፍስ ጋር ይሻገራልን?

በምሥራቅ ጎጃም፥ በብቸናና በሞጣ አገር፥ የሟች ተዝካር በሚወጣበት ጊዜ ጠላ ይጠመቃል፤ አረቄም ይቀርባል። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ መጠጥ ያሸነፈው ሰው እንደ ሆነ ግን ለሐዘንተኛው አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ይኸውም፥ «ጥሙ ከሥጋው ጋር ተቀበረን፥ ወይስ ከነፍሱ ጋር ሄደ?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስቀድመን ሁለቱን ነገሮች እንለይ። የሥጋ ሱስ በደምና በአንጎል ውስጥ የተተከለ ደዌ ነው። ለብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፥ እንቅልፍ ያጣል፤ አንዳንዱም እስከ መቃዠትና እስከ ሞት ይደርሳል፤ ስለዚህ ሐኪምን ማማከር ይገባዋል። ይህ ደዌ ግን ሥጋ አፈር ሲሆን አብሮ ያልቃል፤ ጉሮሮ የሌላት ነፍስ አረቄ አትጠጣምና። እንግዲህ የሟች ነፍስ መጠጥ ፍለጋ በሕያዋን ላይ ታድራለች ማለት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የራቀ ነው፤ ነፍሳት እስከ ትንሣኤ ድረስ በገነት ወይም በሲኦል ይቈያሉና።

ነገር ግን ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ስለ ሆነች የወደደችውን አትረሳም። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 16 የተነገረለት ባለጸጋ በሲኦል ሳለ አምስቱን ወንድሞቹን አስታወሰ፤ አልዓዛርንም እንደ አሽከር ሊልከው ፈለገ። የከበረው ልብሱና ማዕዱ በምድር ቀሩ፤ ድኻውን ለራሱ ማገልገያ አድርጎ የማየት ልማዱ ግን አልተለየውም።

ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ379 ዓ.ም. ያረፈችውን እኅቱን ቅድስት ማክሪናን እያነጋገረ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ በጻፈው መጽሐፍ፥ በክፉ ሽታ ስፍራ የቈየ ሰው ወደ ንጹሕ አየር ቢወጣም ሽታው ወዲያው እንደማይለቀው፥ ለሥጋ ፈቃድ የተገዛች ነፍስም እንዲሁ እንደምትሆን ያስረዳል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። ድፍድፉ በእሳት ሲፈላ አተላው ከማሰሮው ይቀራል፤ እንፋሎቱ ግን ኃይሉንና ሽታውን ይዞ በመቃው ያልፋል። ሥጋም እንዲሁ ይቀራል፤ ነፍስ ግን የተዋሐደችውን ፍቅር ይዛ ትሻገራለች።

ስለዚህ ማሰሪያው የሚፈታው ዛሬ ነው። በብቸና አቅራቢያ እንዳለው እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ገዳማት የሚመነኩስ ሰው፥ ሳይሞት እንደ ሞተ ተቈጥሮ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል፤ ይህም ዓለምን አስቀድሞ መልቀቅን ለማስተማር ነው። ለምእመናንም ረቡዕና ዓርብ፥ ዐቢይ ጾምም፥ ይህንኑ ትምህርት በየጊዜው ያለማምዱናል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንደሚባል፥ በጾም ያልተገራ ፍላጎት ጌታ ይሆናል፤ ሱስ የያዘው ወንድማችን ግን እንዲድን ልንደግፈው እንጂ ልንንቀው አይገባም።

መጠጥ ለገደለው ሰው ተዝካር የምናወጣ ሁላችን፥ በ40ኛው ቀን ለነፍሱ ጸሎትና መሥዋዕት እናቅርብ፤ ለአረቄው የምናወጣውንም ገንዘብ ለድኻ እንመጽውት። ሟቹን ያሰናከለውን ነገር በስሙ ለሌላው ማቅረብ መታሰቢያ አይሆንለትምና።