የሳር በሬ፣ ጥሬ ሥጋና የኮሶ ትል

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል። «ዶክተር፣ በሬው ሳር ብቻ በልቶ ያደገ ከሆነ ጥሬውን ብንበላው ችግር የለውም አይደል? መኖ የለው፣ መርፌ የለው…»

ችግር አለው። እንዲያውም ለኮሶ ትል ዋናው መንገድ ያ ሳር ራሱ ነው።

ለፋሲካ ደብረ ብርሃን አካባቢ አጎቴ ጋ ነበርኩ። ስድስት ከብት አላቸው፣ አያያዛቸው ደግሞ ያስቀናል። የግጦሽ መሬታቸውን በአጥር ሦስት ቦታ ከፍለውታል። ከብቶቹ አንዱን ሲግጡ ሁለቱ ያርፋሉ። «ሳር እረፍት ካላገኘ ሥሩ ያልቃል» ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ቅጠሉ ገና ብቅ ሲል እየተጋጠ ከቀጠለ ተክሉ ሥሩ ውስጥ ያጠራቀመውን ይጨርሳል፣ ሥሩ ያጥራል፣ መሬቱ ይራቆታል፣ ቀጥሎ የመጣው ዝናብ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ረግረጉን ክረምት ሙሉ ዘግተው ይከርሙና ክረምቱ ሲወጣ አጭደው ድርቆሽ ይከምራሉ። ለበጋ መኖ አይገዙም።

ሥጋውስ? ስቡ ቢጫ ሆኖ ካያችሁ አትደንግጡ፣ ከሳሩ የመጣ ካሮቲን ነው። በእህል ከደለበው ጋር ሲነጻጸር ስቡ አነስ ይላል፣ የኦሜጋ 3 ድርሻውም ይሻላል። ግን የዓሣን ያህል አይሆንም። በፕሮቲን፣ በብረትና በቢ12 ደግሞ ይህን ያህል አይለያዩም።

ታዲያ አጎቴን «ሽንት ቤቱ የት ነው?» ስላቸው በእጃቸው ወደ ባሕር ዛፉ ጠቆሙኝ። «ሜዳው ሰፊ ነው እኮ ልጄ!»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የኮሶ ትል አድጎ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ከትሉ የተቆረጡ ክፍሎች አብረው ይወጣሉ፣ በአንዱ ቁራጭ ውስጥ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች አሉ። እንቁላሎቹ እርጥበት ባለው ሳር ላይ ለወራት ይቆያሉ። በሬው ከሳሩ ጋር ይበላቸዋል፣ ከአንጀቱ በደም ወደ ጡንቻው ይሄዳሉ፣ እዚያ አተር የምታክል ውኃ የቋጠረች ከረጢት ይሆናሉ። ያንን ሥጋ ሰው በጥሬው ሲበላ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። ስለዚህ በሬውን የበከለው ሰው ነው፤ በሬው ያው መልሶ ሰጠን።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ይዞኝ ያውቃል፣ አልደብቃችሁም። ሆድ ቁርጠት የለ፣ ምን የለ። አንድ ቀን ጠዋት ውስጥ ሱሪዬ ላይ ጠፍጣፋ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ አፍሮም ለማንም አይናገርም። እባካችሁ ለሐኪም አትፈሩ፣ ከቻላችሁ ቁራጩን በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ኑ።

«ሚጥሚጣና አረቄ ይገድለዋል» የምትሉ፣ አይገድለውም። ለብለብ ክትፎም አያስተማምንም፣ መሐሉ አልበሰለማ። ቄራ ላይ የሚደረገው ምርመራ ይጠቅማል፤ ግን በዓይንና በቢላ ስለሆነ ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት ሥጋ ሊያልፍ ይችላል። የሚያስተማምነው ማብሰል ነው፦ ሙሉ ቁራጭ ከሆነ ውስጡ 63 ዲግሪ ደርሶ ለ3 ደቂቃ ሲያርፍ፣ የተፈጨ ከሆነ 71 ዲግሪ። ጥሬውን መተው ያቃታችሁ (አውቃለሁ፣ አላችሁ) ሥጋውን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን በረዶ አድርጉት። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ፍሪጁን አትመኑት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ የሚወሰድ። መጠኑን ሐኪም ይወስን፣ እርጉዝ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከፋርማሲ በልማድ የምትገዙት አልቤንዳዞል ለዚህ ትል አስተማማኝ አይደለም። የኮሶ አበባውስ? አያቶቻችን በየሁለት ወሩ መጠጣታቸው በከንቱ አልነበረም፣ ትሉ አድጎ የሚታይበት ጊዜ ነዋ! ግን መጠኑ ሲበዛ ይመርዛል፣ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ዛሬ የተሻለ መድኃኒት እያለ አትሞክሩት።

ይሄን ሁሉ ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያ የኔን በሬ የበላው የከተማ ሰው ሁሉ…» ብለው አቆሙ። በየዓመቱ ለበዓል አንድ ሁለት ይሸጣሉ። ግንቦት ላይ ደወሉልኝ፤ ጉድጓዱን ከቤቱ ጀርባ፣ ከግጦሹም ከምንጩም ራቅ አድርገው አስቆፍረዋል። እረኛውም እዚያው እንዲጠቀም ነግረውታል። የቀረው ጣሪያው ነው፣ ቆርቆሮውን እኔ ልገዛ ቃል ገብቻለሁ።