ምዕራፍ ሰባት፦ ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠፋው ከሐሳባችን ነው

በመንዝና በአካባቢው፣ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ፣ ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚሠራ ሰው ገበያ ሲቀዘቅዝበት የሚያነሣው ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «የገጠር ሰው ለፎቶ ገንዘብ አያወጣም። ትልቅ ሰርግ ያለው ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ባለሙያ ያስመጣል። የቀረው በስልኩ ያነሣል» ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። ስልክ በየኪሱ ገብቷል። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ሰውየውን እዚያው ስለሚያነሣ ጉርድ ፎቶ ይዞ መሄድ ቀርቷል። የሰርጉም ወቅት አጭር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይሞቃል፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ይመለሳል።

ይህን እውነታ ይዘው ግን ሁለት ባለሙያዎች በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። አንዱ «ገበያ የለም» ብሎ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ሌላው «ጉርድ ፎቶ ከቀረ፣ ሰው አሁን ፎቶ የሚፈልገው ለምንድን ነው?» ብሎ ይነሣል። የምዕራፉ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አስተሳሰብ በራሱ ደንበኛ ጎትቶ አያመጣም። ነገር ግን ዓይናችን ምን እንደሚያይ፣ እግራችን ወዴት እንደሚሄድ፣ እምቢ ስንባል ምን እንደምናደርግ የሚወስነው እሱ ነው። ደንበኛ የሚገኘውም በዚህ ማየት፣ መሄድና ማድረግ ነው።

ያላየነው ፍላጎት

«የገጠር ሰው ለፎቶ ገንዘብ አያወጣም» የሚለውን እምነት ለመፈተን አንድ የመንዝ ቤት ገብቶ ግድግዳውን ማየት ይበቃል። ጋውን የለበሰች ተመራቂ፣ ሙሽሮች፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ የላከው ፎቶ በፍሬም ተሰቅለው ያገኟቸዋል። የቤቱ ባለቤት ለእንግዳው የሚያሳየው እነሱን ነው። ስለዚህ ፎቶ የሚወድ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የሚፈልገውን ጠይቆ የሚያቀርብለት ባለሙያ ነው ያጣው።

ፎቶ ቤት የዋለ ሰው የሚከተለውን ጉዳይ ያውቀዋል። አባቱ ያረፈበት ልጅ የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ይመጣል። ጠርዙ ተላልጧል፤ የማኅተሙ ቀለም ግማሽ ጉንጭና አገጭ ላይ አርፏል። «ይህችን አሳድግልኝ፤ ሌላ ፎቶ የለንም» ይላል፤ ለለቅሶው ነው። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ማኅተሙን ለማጥፋት ይታገላል። ከጤነኛው ጉንጭ እየወሰደ አገጩን ይሞላል። ምስሉ ባደገ ቁጥር ፊቱ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አውራ ጣት ከምታህል ፎቶ ውስጥ የሌለ ነገር ማውጣት አይቻልምና።

ደጅ ተቀምጦ የሚጠብቀው ባለሙያ ሂሳቡን ተቀብሎ ልጁን ይሸኛል። የሚያስበው ባለሙያ ግን ራሱን ይጠይቃል፦ በዚህ ወረዳ ውስጥ እናት አባቱን በሕይወት ሳሉ በወግ ያላስነሣ ስንት ሰው አለ? አዲስ አበባና ውጭ አገር የሚኖሩት ልጆችስ ለዚህ ሥራ አይከፍሉም? ከዚያ በኋላ መንገዱ ግልጽ ነው። በበዓል ሰሞን ወይም ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ቤት ድረስ ሄዶ አባትን በበርኖሳቸው፣ እናትን በሐበሻ ቀሚሳቸው ማንሣት፣ አንዱን በፍሬም ለቤቱ መተው፣ ሌላውን በቴሌግራም ለልጆቻቸው መላክ ይቻላል። ደጋው ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ስለሚያይል ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ዓይናቸው በጥላ ይዋጣል። ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስቀምጦ «አባባ፣ እስኪ ወደ ደጅ ይመልከቱልኝ» ማለት ብቻ ፊታቸውን ያበራዋል። ለዚህ ውድ መብራት አያስፈልግም።

ስለ አካባቢያችን ያለን ግምትም እንዲሁ ዓይን ይጋርዳል። «እዚህ ምን የሚነሣ ነገር አለ?» የሚል ባለሙያ የጓሳን ጥብቅ ስፍራ አጠገቡ አስቀምጦ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2017 የጓሳን ጭላዳዎች ፎቶዎች ለዓለም አሳይቷል። ቀይ ቀበሮውና ጅብራውም ከዚያው ናቸው። ሙሽሮችን ለፎቶ ወደ አዲስ አበባ መናፈሻ የሚልክ የመንዝ ባለሙያ፣ ሌላው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣበትን ስፍራ ትቶ ነው የሚልካቸው።

እምቢ ስንባል

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማን ከፒተር ሹልማን ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ የሕይወት መድን ሻጮችን ተከታትለዋል። መድን ሻጭ በየቀኑ እምቢታ የሚሰማ ሰው ነው። ውድቀታቸውን በበጎ የሚተረጉሙት ሻጮች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሌሎቹ 37 በመቶ የበለጠ ሸጠዋል፤ ሥራውን ጥለው የሄዱትም ጥቂት ነበሩ። ልዩነቱ እምቢ ከተባሉ በኋላ ለራሳቸው የሚናገሩት ላይ ነው። አንደኛው «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይላል። ሁለተኛው «የዛሬው ሰው አልተመቸውም፤ አቀራረቤን ላሻሽል» ይላል። ሁለተኛው ነገም በር ያንኳኳል።

የሙሽራ ቤተሰብ «ሌላ ሰው ይዘናል» ቢልዎት ይህን ያስታውሱ። በትሕትና «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ለክርስትናው ያድርሰን» ብለው የሚወጡ ከሆነ በሩ አልተዘጋም። ክርስትና፣ ምርቃት፣ የእናት አባት ፎቶ ከዚያው ቤት ይመጣል።

መንገድ ሲዘጋ ሌላ መንገድ የማየትን ነገር ፎቶግራፈሩ ሚካኤል ጸጋዬ በሕይወቱ አሳይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተማረ። የዘይት ቀለም ግን አለርጂ ሆነበትና ሥዕሉን ተወ። ካሜራ አነሣ፤ ዛሬ በዓለም አቀፍ መድረክ ከሚታወቁት የኢትዮጵያ ፎቶግራፈሮች አንዱ ነው።

ይሁንና «ይሳካል» ብሎ መመኘት ብቻውን ይጎዳል። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ጋብሪኤለ ኦቲንገን ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችን ስታጠና፣ ስለ ስኬታቸው በጣፋጩ ሲያልሙ የቆዩት ያገኙት የሥራ ዕድልም ደመወዝም ያነሰ ሆኖ አግኝታዋለች። ሕልሙን ከፊት ካለው እንቅፋት ጋር ማስተያየትና ለእንቅፋቱ አስቀድሞ መላ ማበጀት ግን ይጠቅማል። «ጥር ላይ አሥር ሰርግ እሠራለሁ» ከማለት ጋር «መብራት ቢጠፋ ባትሪዬን የት እሞላለሁ?» የሚለውም መመለስ አለበት።

ዋጋ መስበርና የጓሳ ትምህርት

ፍርሃት የሚያስተምረን ክፉ ልማድ ዋጋ መስበር ነው። ባልደረባ ከጠየቀው አሳንሶ ሥራውን መንጠቅ ዛሬ ያበላል። ነገ ግን ሁለቱም አልበሙን በርካሽ ወረቀት ያትማሉ፤ ኤዲቲንጉ ወራት ይፈጃል፤ ሕዝቡም በባለሙያ ላይ እምነት ያጣል። የመንዝ አባቶች ይህን ያወቁት በሣር ነው። «ቄሮ» በሚባለው የጋራ ሣር አጠባበቅ ሥርዓት ጓሳን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ ብቻ ተከፍቶ በደንቡ ይታጨድ ነበር፤ ለቤት ክዳንም ለገመድም ይሆን ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲላላ ጓሳ ተጎዳ። ሕዝቡ እንደገና ተደራጅቶ ሲጠብቀው ግን እስከ ዛሬ ቆየ። የፎቶ ገበያም የጋራ ግጦሽ ነው፤ ሁሉም ከነጨው ለማንም አይበቃም።

በጋራ ማደግ እንደሚቻል ለማየት ፎቶግራፈሯን አይዳ ሙሉነህን እናስብ። ከውጭ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። የሌሎችን ሥራ ለማሳየት መድረክ አበጀች፤ የራሷ ስምም አላነሰም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኦስሎ የሚገኘው የኖቤል የሰላም ማዕከል ለሽልማቱ ኤግዚቢሽን ፎቶ እንድታዘጋጅ የመረጠው እሷን ነው። በወረዳ ደረጃም ይህን ማድረግ ይቻላል። በአንድ እሑድ ሁለት ሰርግ ሲገጥም ሁለተኛውን ለባልደረባ ማሳለፍ፣ ካሜራ ሲበላሽ መዋዋስ፣ ከተወሰነ ዋጋ በታች ላለመሥራት መስማማት ነው።

ከዚህ ሳምንት የሚጀመር

ሐሳብ በሥራ ካልታየ ደንበኛ አያውቀውም። ስለዚህ፦

1. ስለ ገበያው የሚያምኑትን አንድ ክፉ ነገር ይጻፉና ከሥሩ «ማን ነገረኝ? ሞክሬዋለሁ?» ብለው ይመልሱ።

2. ቀደም ሲል ሰርጋቸውን ላነሡላቸው ሦስት ቤተሰቦች ደውለው ደኅንነታቸውን ይጠይቁ። ሥራ አይለምኑ።

3. ቀብድ ሲቀበሉ የሚያስረክቡበትን ቀን በወረቀት ጽፈው ይስጡ፤ ከዚያ ቀን አንድ ቀን ቀድመው ያስረክቡ።

4. በሰፈርዎ ካሉት አዛውንት አንዱን ያለ ክፍያ በክብር ያንሡና ፎቶውን በፍሬም ያድርሱ።

ከአራቱ አንዱን ብቻ የሚሠሩ ከሆነ አራተኛውን ይምረጡ። ያ ፎቶ የተሰቀለበት ቤት የሚገባ እንግዳ ሁሉ «ማን ነው ያነሣው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ የእርስዎ ስም ይሁን። ዛሬውኑ ይጀምሩ።