በኅብረት መሥራት እንዴት ይለመዳል?

«በቡድን ሁኑና ሥሩ» የሚለው ትእዛዝ ከሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚናገረው ቀላል ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት ጊዜ ያየነው ግን ሌላ ነው። አምስት ሆነን የአራተኛ ክፍል ልጆችን በየአምስት አስቀመጥንና ጥያቄ ሰጠናቸው። በየቡድኑ አንድ ልጅ ጻፈ፤ ሌሎቹ ወይ አዩ፣ ወይ በጠረጴዛው ሥር ተጫወቱ። ማርኩን ግን ሁሉም እኩል ወሰዱ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ወረቀቷን ስታስረክበን «ቲቸር፣ ብቻዬን ብሠራው ይሻለኝ ነበር» አለች። ምን እንበላት? እውነቱን እንናገር ካልን፣ የዚያን ዕለት የትምህርት ዕቅድ ራሱ አንዳችን ጽፎት አራታችን የፈረምንበት ነበር።

መተባበር በትእዛዝ ካልመጣ በምን ይመጣል? መጽሐፍ ከመግለጣችን በፊት ሠፈሩን ማየት መረጥን። አቃቂ የባቡር ሐዲድና የፋብሪካ አካባቢ ነው፤ ከየአገሩ ለሥራ የመጣ ሰው ያለዘመድ ጎረቤት የሆነበት። እንዲህ ባለ ቦታ ሰዎቹ መተባበርን ከየት ተማሩት?

እቁብን እንውሰድ። ለምሳሌ 20 ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ የሳምንቱ እጣ 10,000 ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው 500 ጥሎ 10,000 ወሰደ፤ 9,500 ብር ይቀርበታል። ሒሳቡን ብቻ ካየን ጠፍቶ ቢቀር ያተርፋል። (ይህን ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም ልንጠቀምበት እንችላለን።) ታዲያ ለምን አይጠፋም? ብሩን ሲቀበል ዋስ ጠርቷል፤ ጸሐፊው መዝግቦታል፤ ዳኛው ቤቱን ያውቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ እቁብ ሲያልቅ ሌላ ይጀመራል፤ የከዳን ሰው ማን ያስገባዋል?

እድርም እንደዚሁ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ድንኳን መትከል አለ፣ ለቀስተኛ ማስተናገድ አለ። መዋጮ ያጓደለ ይቀጣል፤ ከቀብር የቀረም ይቀጣል። ቤት ያከራዩንን እናት «ሰው እንዲህ ተሰብስቦ የሚመጣው ቅጣት ፈርቶ ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው ሳቁብን። «መጀመሪያ ፈርቶ ይመጣል ልጆቼ፤ የራሱ ቤት ሲደርስበት ደግሞ ገብቶት ይመጣል» አሉ። በገጠርም ወንፈል ከዚህ አይርቅም፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን።

ከዚህ በኋላ ነው ኤሊየት አሮንሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ የሠራው የገባን። እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ፣ ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድ ክፍል ሲገቡ ጠብ በዛ። እሱና ተማሪዎቹ አንዱን ትምህርት ቆራረጡት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጡ። ልጁ የራሱን ቁራጭ አጥንቶ ለቡድኑ ያስተምራል፤ ፈተናው ግን በሙሉው ላይ ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም ሊንቅ አይችልም፤ የናቀው ልጅ የያዘው ቁራጭ ይቀርበታላ!

እኛም በሁለተኛው ሳምንት የአቃቂን ወንዝ አምስት ቦታ ቆረጥነው፦ ከየት ይነሣል፣ ወዴት ይፈስሳል፣ የአባ ሳሙኤል ግድብ ለምን ተሠራ፣ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት ምን ይገባበታል፣ በዳሩ ምን አትክልት ይለማል። በዚህ ጊዜ ዕቅዱንም አምስታችን ተከፋፍለን ጻፍነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን።

ሁሉም ሰመረ አንልም። አንዱ ቡድን ተጣልቶ ጊዜው አለቀበት። ፈጣኖቹ ልጆች ቀስ ብሎ የሚናገረውን መታገሥ ከበዳቸው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ድምፁን ያልሰማነው ልጅ አትክልቱ ደረሰው፤ ስለ ጎመንና ሰላጣ ውኃ አጠጣጥ እኛ የማናውቀውን ተናገረ። በማግስቱ አንድ ተማሪ ቀረ። ቡድኑ «የሱ ቁራጭ የለንም፣ ፈተናው ይቆይልን» ብሎ ለመነን፤ በዕረፍት ሰዓት ያቺ ብቻዬን ይሻለኛል ያለችው ልጅና አንድ ጓደኛዋ ቤቱ ድረስ ሄደው ይዘውት መጡ።