ከቦታዋ ያልተነቃነቀችው ኮከብ፦ በሰፋፊ ሞኒተሮች ላይ ስለሚታዩ የፒክስል እንከኖች

በቤተ ሙከራችን አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በቴሌስኮፕ የተነሣ የሰማይ ፎቶግራፍ በሰፊ የኮምፒዩተር ሞኒተር ላይ ዘርግቶ ከዋክብትን ሲቆጥር፣ አንዲት ደብዛዛ አረንጓዴ ነጥብ አግኝቶ በመዝገቡ አሰፈራት። ምስሉን ወደ ቀኝ ሲገፋው ሌሎቹ ከዋክብት ሁሉ አብረው ሄዱ፤ አረንጓዴዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። (ቀለሟ ብቻውን ሊያጠራጥረው በተገባ ነበር። የጨረሩ ጫፍ በአረንጓዴው ላይ የሚያርፍ ኮከብ እንኳ የሌሎቹን ቀለማት ብርሃን አብሮ ስለሚረጭ ለዓይናችን ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው።) ሞኒተሩ ከተገዛ ገና ሦስት ሳምንቱ ስለነበር ወደ ሻጩ ወሰድነው። ያገኘነው መልስ «አንድ ነጥብ እንከን አይባልም፤ ደረጃው ይፈቅደዋል» የሚል ነበር። ሻጩ እውነቱን ነበርን? ይህን ለመመርመር በቅድሚያ ነጥቢቱ ምን እንደሆነች ማወቅ ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አንድ የኮሌስትሮል ውህድ ሁለት ጊዜ «ሲቀልጥ» ተመለከተ፤ በ145.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ደፍራሽ ፈሳሽ ሆነ፣ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ጠራ። በሁለቱ መካከል ያለው ሁኔታ ዛሬ ፈሳሽ ክሪስታል የምንለው ነው፤ ይኸውም እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ማለት ነው። በኤል ሲ ዲ ሞኒተር ውስጥ ይህ ፈሳሽ በሁለት ፖላራይዘሮች መካከል ይቀመጣል። ፖላራይዘር የብርሃን ሞገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ የሚያስገድድ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው በ90 ዲግሪ ስለሚዞሩ ከጀርባ የሚመጣው ብርሃን በራሱ ሊያልፍ አይችልም። ብርሃኑ የሚያልፈው በመካከል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል የርግብግቡን አቅጣጫ ሲለውጠው ብቻ ነው። ይህንንም የሚወስነው በመስታወቱ ላይ የተሠራ አንድ ጥቃቅን ትራንዚስተር የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው።

እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ያላቸው ሦስት ንዑስ ፒክስሎች አሉት፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ትራንዚስተር ያስፈልገዋል። የእኛ ሞኒተር ባለ 34 ኢንች ሲሆን በአግድም 3,440፣ በቁመት 1,440 ፒክስሎች አሉት። ተባዝተው 4,953,600 ፒክስሎች፣ በሦስት ሲባዙ ደግሞ 14,860,800 ንዑስ ፒክስሎች ይሆናሉ። የአንዱ ስፋት 0.077 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው።

አሁን አንድ ንዑስ ፒክስል ተበላሽቶ የመውጣቱ ፕሮባብሊቲ ከአሥር ሚሊዮን አንድ ብቻ ነው ብለን ለስሌት ያህል እናስብ። ይህ እጅግ የተዋጣለት ፋብሪካ ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩን በ14,860,800 ስናባዛው በአማካይ 1.486 እንከን በአንድ ሞኒተር ላይ እናገኛለን። እንከኖቹ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደገፉ የሚከሠቱ ከሆነ የፖይሶን ስርጭት ሕግ ይሠራል፤ አንድም እንከን የሌለበት ሞኒተር የማግኘት ፕሮባብሊቲ 2.718 በነጌቲቭ 1.486 ርቢ፣ ማለትም 0.226 ይሆናል። ከአራት ሞኒተሮች አንድ እንኳ አይሞላም! በዚያው ፋብሪካ የሚሠራና በ1,920 በ1,080 ፒክስሎች የሚወሰን ተራ ሞኒተር ግን 6,220,800 ንዑስ ፒክስሎች ብቻ ስላሉት ፕሮባብሊቲው ወደ 0.537 ከፍ ይላል። ስፋት በጨመረ ቁጥር ንጹሑ ሞኒተር የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፋብሪካው ስሕተቱን በአሥር እጥፍ ቢቀንስ ስንት እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ አስልቶ ይየው።

የሻጩ «ደረጃ» የሚመነጨውም ከዚሁ ስሌት ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው አይ ኤስ ኦ 13406-2 ሞኒተሮችን በአራት ክፍል መድቦ ነበር። በአንደኛው ክፍል ምንም እንከን አይፈቀድም፤ በሁለተኛው ክፍል ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ፒክስል 2 ሁልጊዜ የሚበሩ፣ 2 ሁልጊዜ የጨለሙ፣ 5 ደግሞ ንዑስ ፒክስላቸው የተበላሸ ይፈቀዱ ነበር። በእኛ ሞኒተር ሲሰላ ወደ 10፣ 10 እና 25 ይጠጋል! በዚህ መለኪያ ሻጩ አልዋሸም። ሆኖም ይህ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2008 በአይ ኤስ ኦ 9241-307 ተተክቷል፤ ሻጩም የትኛውን ደረጃና የትኛውን ክፍል እንደጠቀሰ አልነገረንም። እኛም ከመግዛታችን በፊት አልጠየቅንም፤ ጥፋቱ በከፊል የእኛ ነው።

ሁሉም እንከን ግን እኩል አያስቸግርም። አይ ፒ ኤስ እና ቪ ኤ በተባሉት የአሠራር ዓይነቶች ቮልቴጅ የሌለው ንዑስ ፒክስል ጨለማ ነው፤ ስለዚህ ትራንዚስተሩ ቮልቴጅ ማድረስ ካቃተው ጥቁር ነጥብ፣ ያለማቋረጥ የሚያሳልፍ ከሆነ የበራ ነጥብ ይፈጠራል። በተለመደው ቲ ኤን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንድ ፒክስል ለዓይን የሚይዘው ማዕዘን 1.3 የዲግሪ ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ዝቅተኛ ማዕዘን 1 ደቂቃ ያህል ነው። ስለሆነም በነጭ ላይ ያረፈ አንድ ጥቁር ንዑስ ፒክስል ሊያመልጠን ይችላል። በጥቁር ላይ የበራ ነጥብ ግን ምንም ቢያንስ ብርሃኑ ይበቃዋል፤ ከዋክብትም ማዕዘናቸው ከዚህ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ የሚታዩን በዚሁ ምክንያት ነው። በፋብሪካ ውስጥ የበራውን ነጥብ በሌዘር መትተው ሆን ብለው የሚያጨልሙትም ለዚህ ነው። ቀለሙም ልዩነት አለው፤ በተለመደው የቀለም ሥርዓት ነጭ ፒክስል ለዓይን ከሚሰጠው ድምቀት 72 በመቶው ከአረንጓዴው፣ 21 በመቶው ከቀዩ፣ 7 በመቶው ብቻ ከሰማያዊው ይመጣል። ነጥቢቱ ሰማያዊ ብትሆን ኖሮ ተማሪያችን ምናልባት ባላያትም ነበር።

በሰፊ ሞኒተር ላይ የሚታይ ጉድለት ሁሉ የፒክስል አይደለም። የ34 ኢንቹ ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት በመሐሉ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ጠርዙን የሚያየው በ34 ዲግሪ ያህል አግድሞ ነው፤ በዚያ ማዕዘን ቀለም ሊለወጥ፣ ጥቁሩም ሊነጣ ይችላል። ብዙዎቹ ሰፋፊ ሞኒተሮች የሚታጠፉት ይህን ማዕዘን ለመቀነስ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከጠርዝ የሚሾልክ ብርሃንም ከጀርባው መብራት የሚመጣ እንጂ ከትራንዚስተር አይደለም።

ፍተሻው ቀላል ነው። መስታወቱን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ወልውሎ፣ አቧራን ከእንከን ከለዩ በኋላ፣ ሙሉ ሞኒተሩን በተራ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማድረግ ነው። በጥቁሩ ላይ የበሩት፣ በሌሎቹ ላይ የጨለሙት ይገለጣሉ። ይህን ገንዘብ ከመክፈል በፊት፣ በሱቁ ውስጥ ማድረግ ይመረጣል። ቀለማትን በፍጥነት እየቀያየሩ ነጥቡን «ያስነሣሉ» የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዳንዴ ቢሳካም ዋስትና የለውም፤ እኛ አንድ ሌሊት ሙሉ ሞክረን ነጥቢቱ ጠዋት በቦታዋ ጠበቀችን። በጣት መጫን ግን ጤነኞቹን ፒክስሎች ሊጎዳ ስለሚችል አንመክረውም።

ሞኒተሩ አሁንም በቤተ ሙከራው አለ። በጠርዙ ላይ «አምድ 2,117፣ ረድፍ 604፦ ኮከብ አይደለችም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።