ኖራ ውስጥ ውሃ ሲፈላ ሙቀቱ ከየት መጣ?

ከእቶን የወጣ፣ ገና ውሃ ያልነካው ኖራ ላይ ውሃ ሲፈስ ለጥቂት ጊዜ ምንም የተፈጠረ አይመስልም። ከዚያ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ ያፏጫል፣ እየፈረሰ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ውሃውም መንተክተክ ይጀምራል። ክብሪት የጫረ የለም። ኖራውም ውሃውም ቀዝቃዛ ነበሩ። ታዲያ ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ?

ብዙ ተማሪዎች «ኃይሉ በአተሞቹ ትስስር ውስጥ ታምቆ ስለነበር ትስስሩ ሲበጠስ ወጣ» ብለው ይመልሳሉ። ይህ አስተሳሰብ ከጅምሩ መታረም አለበት፤ ስሌቱ ሁሉ የሚቆመው በተቃራኒው ላይ ነውና። ቦንድ የምንለውን ትስስር መበጠስ ሁልጊዜ ኃይል ይጠይቃል። አተሞች የሚተሳሰሩት አንድ ላይ ሲሆኑ የያዙት ኃይል ስለሚቀንስ ነው። የተቀነሰው ወደ ውጭ ይወጣል፤ መልሶ ለማለያየትም ያንኑ ያህል መክፈል ግድ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ኬሚካዊ ለውጥ መጀመሪያ ወጪ አለ፣ ቀጥሎ ገቢ አለ። ገቢው ከበለጠ አካባቢው ይሞቃል፤ ወጪው ከበለጠ ለውጡ ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። የመጀመሪያው ኤግዞተርሚክ፣ ሁለተኛው ኢንዶተርሚክ ይባላል።

በባዮጋዝ ምድጃ ላይ የሚነደውን ሚቴን እንውሰድ። አንድ ሞል (ኬሚስቶች ቅንጣቶችን የሚቆጥሩበት መለኪያ) ሚቴን ሲቃጠል ከሁለት ሞል ኦክስጅን ጋር ይገናኛል። በሚቴን ውስጥ ያሉትን አራት የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስሮች ለመበጠስ 4 × 413፣ ሁለቱን የኦክስጅን ሞለኪውሎች ለመለያየት 2 × 498፣ በድምሩ 2,648 ኪሎ ጁል ወጪ ይሆናል። ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲፈጠር 2 × 799፣ ሁለት የውሃ እንፋሎት ሞለኪውሎች ሲፈጠሩ 4 × 463፣ በድምሩ 3,450 ኪሎ ጁል ገቢ ይገኛል። ልዩነቱ 802 ነው። የምንጽፈው ግን −802 ብለን ነው፤ ሂሳቡ የሚያዘው በሚለወጠው ነገር ስም ስለሆነ ከእሱ የወጣው ይቀነስበታል። ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት የሚያሞቀው ያ ልዩነት ነው።

ለኖራ ይህ መንገድ አያመችም። ኖራ ጠጣር ነው፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ አዮን በብዙ ጎረቤቶች ስለተከበበ አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር ትስስር የለውም። ኬሚስቶች ለዚህ የሚጠቀሙት የምሥረታ ኢንታልፒ ሠንጠረዥን ነው። ሠንጠረዡ አንድ ሞል ውሁድ ከንጥረ ነገሮቹ ሲሠራ ስንት ኪሎ ጁል እንደሚወጣ ወይም እንደሚገባ ይነግረናል፤ ንጥረ ነገሮቹ በተለመደ ሁኔታቸው ዜሮ ተብለው ይያዛሉ። ስሌቱም የውጤቶቹን ደምሮ ከዚያ ላይ የመነሻዎቹን መቀነስ ነው።

ውሃ ያልነካው ኖራ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው፤ ዋጋው −635.1። የውሃ −285.8። ሁለቱ ሲደመሩ −920.9 ይሆናሉ። የሚፈጠረው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ −986.1 ነው። ከ−986.1 ላይ −920.9 ሲቀነስ −65.2 ይቀራል። እያንዳንዱ ሞል 65 ኪሎ ጁል ገደማ ይለቃል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር በተግባር ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ ኪሎ ኖራ እንውሰድ። የኖራ አንድ ሞል 56 ግራም ስለሚመዝን በአንድ ኪሎ ውስጥ ወደ 18 የሚጠጋ ሞል አለ፤ የሚወጣው ሙቀትም 1,160 ኪሎ ጁል ያህል ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በ20 ዲግሪ ያለን አንድ ሊትር እዚያ ለማድረስ 301 ኪሎ ጁል ይበቃል። ሙቀቱ ሳይባክን ቢያዝ፣ አንድ ኪሎ ኖራ ከሦስት ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ያፈላል። ለውጡ ራሱ የሚጠቀመው ውሃ ግን የሊትር ሲሶ ብቻ ነው። ጥቂት ውሃ ሲፈስበት እየተተኮሰ የሚረጨው ለዚህ ነው፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያበርድ በቂ ውሃ የለም።

ይህን ኃይል ለኖራው የሰጠው እቶኑ ነው። የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ወደ 900 ዲግሪ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቆ ኖራ ይሆናል። የድንጋዩ ዋጋ −1,206.9፣ የኖራው −635.1፣ የጋዙ −393.5 ስለሆነ ስሌቱ +178.3 ይሰጣል። ለአሲዳማ እርሻ የሚበተነው ኖራ ብዙውን ጊዜ ውሃ ሲነካው የማይግለውም ለዚህ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ያን ወጪ የከፈለለት እቶን የለም።

ታሪኩ ግድግዳው ላይ ይቀጥላል። የጎንደር አብያተ መንግሥታትን ድንጋዮች እንዳያያዘው ዓይነት፣ ውሃ የጠጣ ኖራ አየር ላይ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። በዚህ ደረጃ በሞል 113.1 ኪሎ ጁል ይወጣል። ግድግዳው ሲሞቅ የማይታወቀን ለውጡ ወራትና ዓመታት ስለሚፈጅ ነው፤ ስሌቱ መጠኑን እንጂ ፍጥነቱን አይናገርም።

አሁን ሦስቱን እንደምር፦ 178.3 ገባ፣ 65.2 ወጣ፣ 113.1 ወጣ። ድምሩ ልክ ዜሮ ነው። ድንጋይ ሆኖ ተነሥቶ ድንጋይ ሆኖ ስለተመለሰ ሌላ ሊሆን አይችልም። ይህን ሕግ በ1840 ያወጣው በሩሲያ ይሠራ የነበረው ጀርሜን ሄስ ነው፤ የኃይል ለውጡን የሚወስኑት መነሻውና መድረሻው እንጂ በመካከል ያለው መንገድ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ዓባይ በረሃን ወርዶ የወጣም ሆነ በሌላ በኩል የዞረ ሰው ደጀን ሲደርስ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ለሁለቱም አንድ ነው። የሄስ ሕግ ባይኖር በእቶን ውስጥ ወይም በግድግዳ ላይ በቀጥታ ልንለካው የማይመቸንን ሙቀት በወረቀት ማግኘት ባልቻልን ነበር።

ኖራ በውሃ የምታዘጋጁ ሁሉ እንግዲህ 1,160 ኪሎ ጁሉን አስታውሱ። በቂ ውሃ አስቀድማችሁ በብረት በርሜል አዘጋጁና ኖራውን ጥቂት በጥቂት ጨምሩበት፤ ኖራው ላይ ውሃ አታፍስሱ። ዓይናችሁን በመነጽር፣ እጃችሁን በጓንት ሸፍኑ፤ ልጆችንም አታስጠጉ።