የጥቁር እንጨት ዝምድና፤ ከአንዲት ቅጠል የሚነበብ ትምህርት

በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ጥቁር እንጨት ይገኛል። ሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ነው። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ መድኃኒት ስለሚሠራበት በካሜሩንና በማዳጋስካር ለውጭ ገበያ ሲላጥ ኖሯል፤ ስለዚህም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። በሀገራችን ዛፉን አብልጦ የጎዳው የደን መመንጠር ነው። በሰሜኑ ደጋ ከቀሩት ዛፎች ብዙዎቹ በእርሻ ማሳ በተከበበ ዐጸድ ተጠልለው ይገኛሉ።

በአንድ ዐጸድ ዐሥር ዛፎች ቢቆሙ፣ ዐሥሩም የአንዲት እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የሚወለድ ዘር ደግሞ ደካማ የመሆን፣ በሽታንና ድርቅን ያለመቋቋም ሥጋት አለበት። ይህን ዝምድና ዐይን አይለየውም፤ የሚለየው የዘረመል ምልክት ነው።

ይህ ምን እንደ ሆነ በብራና መጻሕፍት ምሳሌ እንመልከት። ጸሓፊ ሲገለብጥ አንዲትን ቃል ደግሞ ሊጽፍ ይችላል፤ ከእርሱ የሚገለብጡትም ያንኑ ይወርሳሉ። ሊቃውንትም በጋራ ስሕተታቸው የመጻሕፍቱን ዝምድና ይለያሉ። በሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤም በአራት ፊደላት የተጻፈ ያህል ነው። በአንዳንድ ቦታ ጥቂት ፊደላት ይደጋገማሉ፤ ድግግሞሹ በአንዱ ዛፍ ዐሥር ጊዜ፣ በሌላው ዐሥራ አራት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ይህ ማይክሮሳተላይት ይባላል፤ ልጅ ዛፍ ከእናቱም ከአባቱም ይወርሰዋል።

ተመራማሪዎች ምልክቱን የሚያዘጋጁት እንዲህ ነው። ከየዛፉ ጥቂት ቅጠል ወስደው እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ያደርቃሉ። ከቅጠሉ ዲ ኤን ኤውን አውጥተው ድግግሞሽ ያለባቸውን ቦታዎች ይፈልጋሉ። የተመረጠውን ቦታ በፒ ሲ አር አባዝተው ርዝመቱን ይለካሉ። በሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት የሆነው ዝምድናን ስለማይለይ ይተዋል፤ የሚለያየው ይያዛል። ኮክና ቼሪ የጥቁር እንጨት የቅርብ ዘመዶች ስለ ሆኑ፣ ለእነርሱ የተዘጋጁትን ምልክቶች በእርሱ ላይ መሞከር ድካምንና ወጪን ይቀንሳል።

በምዕራብ ኬንያ በካካሜጋ ደን በዚሁ ዛፍ ላይ በማይክሮሳተላይት የተደረገ ጥናት፣ የሰው ጉዳት የዛፉን ብዝኃ ዘረመል እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ የዛፉ ቍጥር ብቻውን የደንን ጤንነት አያስረዳም።

ከዚህ የሰበካ ጉባኤ ምን ይማራል? በመጀመሪያ፣ ለችግኝ ጣቢያ የሚሆን ዘር ፍሬ ከበዛለት ከአንድ ዛፍ ብቻ አይለቀም፤ ተራርቀው ከቆሙ ከብዙ እናት ዛፎች ይሰብሰብ። ሁለተኛ፣ በዐጸዱ ያሉት ዛፎች ጥቂት ከሆኑ በከፍታና በአየር ጠባይ ከሚመሳሰል አጎራባች ደብር ጋር ዘር መለዋወጥ ይገባል። የጥቁር እንጨት ዘር ሲቈይ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ ልውውጡ አይዘግይ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የችግኝ መደብ ዘሩ ከየት እንደ መጣ በመዝገብ ይጻፍ። አራተኛ፣ ተመራማሪ በደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ቅጠል ሊወስድ ቢመጣ ዛፍ መቍረጥ እንደማያስፈልገው ታውቆ ይተባበሩት፤ ውጤቱን ለደብሩ እንዲያሳውቅም ይጠይቁት።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በዐጸዳችን ስንት ፍሬ የሚሰጡ የጥቁር እንጨት ዛፎች አሉ?
2. ባለፈው ክረምት የተከልናቸው ችግኞች ከስንት እናት ዛፎች የተገኙ ናቸው?
3. ዘር ልንለዋወጥ የምንችለው ከየትኛው ደብር ጋር ነው?