በኪራይ ሱቅና ቤት ስለሚነሣ እሳትና ስለ ከሰል ጢስ

ሱቅ ወይም መጋዘን የሚከራይ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ኪራዩ ስንት እንደ ሆነ፥ ቀጥሎም በሩ ጠንካራ ቁልፍ ያለው መሆኑን ነው። የኤሌክትሪኩ ገመድ መቼ እንደ ተዘረጋና በአንዱ ቆጣሪ ስንት ተከራዮች እንደሚጠቀሙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው እሳት ብዙ ነጋዴዎች ንብረታቸውን አጥተዋል፤ የመንገዱ መጣበብና የሱቆቹ መጠጋጋትም እሳቱን የማጥፋቱን ሥራ አክብዶት ነበር። እንዲህ ባለው ሰፈር የአንዱ ተከራይ ቸልተኝነት የጎረቤቱን ሁሉ ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

እሳት እንዲነሣ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ እነርሱም የሚቃጠል ነገር፥ አየርና ሙቀት ናቸው። የጨርቅ ነጋዴ ጣቃውንና ቦንዳውን ከሱቁ ሊያስወግድ አይችልም፤ አየርም በየስፍራው ይገኛል። ስለዚህ የሚቀረው ሙቀቱን መጠበቅ ነው።

ሙቀቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከገመድ ነው። በ220 ቮልት 10 አምፔር እንዲሸከም የተዘረጋ መስመር የሚችለው 2,200 ዋት ብቻ ነው። 3,500 ዋት የሚፈጅ የእንጀራ ምጣድ ግን ወደ 16 አምፔር ይስባል። የሚያልፈው ኃይል እጥፍ ሲሆን በገመዱ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናልና፥ ልባሱ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም ከኮርኒሱ በላይ ማንም ሳያየው ይቀጣጠላል። ፊውዝ ሲቃጠል በስፍራው ወፍራም የመዳብ ሽቦ የሚያስር ሰው መብራቱን መለሰ እንጂ ቤቱን አላዳነም፤ ፊውዝ የተሠራው ገመዱ ከመቃጠሉ በፊት እርሱ እንዲቃጠል ነውና።

ይህን ማን ያድስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራዩ ቤቱን ለተከራየበት አገልግሎት የሚበቃ አድርጎ እንዲጠብቅ፥ ተከራዩም በጥንቃቄ እንዲይዘው ያዛል። ይሁን እንጂ አከራዩ የሚያከራየው ለጨርቅ መሸጫ መስሎት፥ ተከራዩ በጓዳው ምጣድ ቢተክልበት ክርክሩ ማለቂያ አይኖረውም። መስመሩ ስንት አምፔር እንደሚችልና በቤቱ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራበት በኪራይ ውሉ ላይ በግልጽ ቢጻፍ ይሻላል።

ከእሳቱ ይልቅ የሚያሠጋው ግን ነበልባል የሌለው ነው። በክረምት ሌሊት የሱቅ ዘበኛ ወይም ሠራተኛ በጓዳ ሲያድር፥ ብርዱን ለመከላከል ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ በሩን ይዘጋል፤ የመስኮቱን ቀዳዳም በጨርቅ ይወትፋል። ከሰሉ በደጅ ተቀጣጥሎ ጢሱ ካለቀ በኋላ ቢገባ ጉዳት የለውም የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። ይህ ስሕተት ነው። በደንብ የቀላ ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዘኛ አየር ያወጣል፤ ክፍሉ ሲታፈንም መጠኑ ይብሳል። ይህ አየር መልክም ሽታም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ከ200 እጥፍ በላይ ስለ ሆነ፥ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ይሞታል።

እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበትን ሰው ያገኘ፥ በሩን ከፍቶ ፈጥኖ ወደ ደጅ ያውጣው፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ያድርሰው። ቢነቃም እንኳ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ወተት ማጠጣት መርዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር መስጠት ደግሞ ያንቀዋል። ለሠራተኛው ተጨማሪ ብርድ ልብስ መግዛት ለአሠሪው ከባድ ወጪ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ የሚሠራው ጄኔሬተርም ይህንኑ አየር ያወጣልና፥ በመጋዘን ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር ሊቆም አይገባም። ቤንዚኑም በጀሪካን ተሞልቶ ከዕቃው ጋር አይቀመጥ፤ ሞተሩ ሳይበርድም ነዳጅ አይጨመርበት። የቡታጋዝ ሲሊንደር የሚያፈስ ከሆነ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሽታው የተሰማው ሰው ክብሪት አይጫር፤ የመብራት ማብሪያም አይንካ፤ በሩን ከፍቶ ይውጣ።

ስለ ኢንሹራንስም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አከራዩ ለሕንፃው የገባው ውል የተከራዩን ዕቃ አይክስም፤ ነጋዴው ለዕቃው ለብቻው ውል መግባት አለበት። ውሉን ሲፈርምም በቤቱ ነዳጅ መኖሩን፥ ምግብ መበሰሉንና ሰው ማደሩን ሳይደብቅ ይናገር፤ ይህ የተደበቀ እንደ ሆነ ካሳው ሊከለከል ይችላልና። የዕቃው ዝርዝርና የግዢው ደረሰኝ ግልባጭም በዚያው ሱቅ ሳይሆን በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።